በሦስት ጠረጴዛ የተባዛ ማመልከቻ

ጋሽ ሐዋዝ በሥራ ዘመናቸው ለመንግሥት እውነተኛ ቁጥር የጻፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል። ጉለሌ ውስጥ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር በሆኑ በመጀመሪያው ዓመት ሃያ ዴስክ ጎደላቸውና ‹ሃያ ዴስክ ይሰጠን› ብለው ጻፉ። አሥር መጣ። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ አራት አራት ሆነው ተጣበው ተማሩ፤ ዳር የደረሰው ልጅ ግማሽ ቂጡ አየር ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ሐዋዝ ማሉ። ሃያ ካርቶን ጠመኔ ሲፈልጉ አርባ፣ ሁለት በር ሲገነጠል አራት፣ አንድ ዘበኛ ሲጎድል ሁለት እያሉ ሃያ ሁለት ዓመት ጻፉ። የበጀት ክፍሉም ሃያ ሁለት ዓመት በግማሽ እየቆረጠ ልክ የሚፈልጉትን ሰጣቸው። እዚህ ውስጥ ማንም ማንንም አላታለለም፤ ጸሐፊውም ቆራጩም ነገሩን አሳምረው ያውቁታል። ችግሩ የመጣው ጋሽ ሐዋዝ ይህን ሙያቸውን ይዘው ስቶክሆልም ሲገቡ ነው።

ጡረታ ወጥተው ወደ ልጃቸው ወደ ልደታ ከመጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ልደታ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ የምትኖረው ኖርስቦሪ፣ ቀዩ ባቡር ‹በቃኝ› ብሎ የሚቆምበት የከተማው ዳርቻ ነው። ልጇ ዮሐና አሥር ዓመቷ ነው። ዮሐና አማርኛ አንድም አያመልጣትም። ‹ውሃ አምጪልኝ› ቢሏት ታመጣለች፣ ቢያሟት ታኮርፋለች፣ ቀልድ ቢነግሯት ከሁሉ ቀድማ ትስቃለች። መልሷ ግን ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ለአያቷ አንዲት ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር መልሳላቸው አታውቅም። ስንቱን ልጅ ሀ ሁ ያስቆጠሩ ሰውዬ የገዛ የልጅ ልጃቸው ስታሸንፋቸው ያንገበግባቸው ነበር።

ስለዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት፣ ረቡዕ ከትምህርት መልስ ለአንድ ሰዓት። ተማሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ዮሐና፣ ከታች ፎቅ የሚኖረው ናኦልና እህቱ ትጊ። ናኦልና ትጊ የሚመጡት ጋሽ ሐዋዝ ለሚጋግሩት ዳቦ መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል፤ ጋሽ ሐዋዝም አልተቀየሟቸውም። መጽሐፉ አንድ ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ የንባብ መጽሐፍ። እሱም ጠፍቶ ፎቶ ኮፒው ቀረ፣ ከኮፒው ኮፒ፣ ከኮፒው ኮፒ ደግሞ ሌላ ኮፒ ተነሣ። በመጨረሻ ሥዕሎቹ ሁሉ ጠቆሩና ገጽ ሃያ ላይ ያለችው ላም አውቶቡስ መሰለች። ዮሐና አፍጥጣ አየቻትና በስዊድንኛ «ስንት ቁጥር ናት?» ብላ ጠየቀች።

ያን ቀን ማታ ልደታ አባቷን አስቀምጣ ቁርጡን ነገረቻቸው።

«አባባ፣ ዮሐና ሀንድቦል መጫወት ትፈልጋለች። ክለቡ ሦስት ሺህ ክሮነር ይጠይቃል። እርስዎ ደግሞ ለመጻሕፍቱ፣ ለማስመጫውና ለሰሌዳው ሦስት ሺህ ይሉኛል። ሁለቱን አልችልም።»

«ኳስ ከፊደል ይበልጣል?»

«አይበልጥም። ግን በዚህች በጠቆረች ላም ልጄን አያሰቃዩብኝ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ የሚረዳዎ ካገኙ ትምህርቱ ይቀጥላል። ካላገኙ ይዘጋና ሀንድቦሏን ትጫወታለች።»

ጋሽ ሐዋዝ ከመኝታ ቤታቸው ገብተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። የሳምንቱ ሰባት ቀን ለእሳቸው ቅዳሜና ረቡዕ ነበር፤ ሌላው ቀን የልብስ ማጠቢያ ተራ መጠበቅና ዝናብ ማየት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምክር የጠየቁት ዶክተር ወልደ አማኑኤልን ነው። ዶክተር የግብርና ኢኮኖሚ ምሁር ናቸው፤ በተማሪነት መጥተው እዚሁ አስተምረው፣ እዚሁ ጡረታ ወጥተው አካላ የሚባል ሰፈር ተቀምጠዋል። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ስለ ስዊድን ጥያቄ ያለው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል፤ እሳቸውም የማያውቁትን ጭምር ይመልሳሉ።

«ይህች አገር ለሚያስተምር ሰው ገንዘብ አላት» አሉ ዶክተር። «ለኮሙኑ፣ ማለት ለከተማው አስተዳደር፣ ማመልከት ብቻ ነው።»

«ማመልከቻው ስንት ጠረጴዛ ያልፋል?»

ዶክተር አሰቡ። «አንድ ሠራተኛ ታየዋለች። ከዚያ አለቃዋ። ከዚያ ኮሚቴው ይወስናል።»

«ሦስት» አሉ ጋሽ ሐዋዝ፣ ቀስ ብለው። ዶክተር ለምን እንደጠየቋቸው አልጠየቁም። ይህም የዶክተር ጥፋት ነው፤ ዝርዝሩን ቢጠይቁ ኖሮ ያን ሁሉ ጉድ ባላየን ነበር።

ጋሽ ሐዋዝ ቤት ገብተው ስሌቱን ሠሩ። በጉለሌ ቆራጩ ጠረጴዛ አንድ ስለነበር አንድ እጥፍ ይበቃ ነበር። እዚህ ሦስት ጠረጴዛ እየተቀባበለ በግማሽ በግማሽ ከቆረጠ ሦስት ጊዜ ማጠፍ የግድ ነው። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት። ስለዚህ በሳምንት የሚያስተምሩት ሦስት ሰዓት ሃያ አራት ሰዓት ሆነ። አንድ ሰሌዳ ስምንት ሰሌዳ ሆነ። አሥራ ሁለት እርሳስ ዘጠና ስድስት፣ ሦስት ሺህ ክሮነር ሃያ አራት ሺህ ሆነ። የተማሪ ነገር ግን ራስ ስለሚቆጠር ያስፈራል፤ እሱን አንድ ጊዜ ብቻ አጥፈው ስድስት አደረጉት። ይህን እንደ ጨዋነት ቆጠሩት።

ደብዳቤውን በስልክ ተርጓሚና በመዝገበ ቃላት እየታገሉ በሁለት ቀን ጨረሱት። ‹ክቡር ኮሙን› ይላል። ‹በቤቴ ውስጥ ትምህርት ቤት አለኝ። ስድስት ልጆችን በሳምንት ሃያ አራት ሰዓት አስተምራለሁ። ስምንት ሰሌዳና ሃያ አራት ሺህ ክሮነር እፈልጋለሁ። ከአክብሮት ጋር፣ ሐዋዝ፣ ዲሬክተር።› ኮሙኑ ቢሮ ወስደው መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ አስረከቧትና ማኅተም እንድትመታበት ጠየቋት። ማኅተም የላትም። ፈገግ ብላ ቀኑን ጻፈችላቸው።

አሁን አንባቢ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ስዊድን ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታው ነው፤ በጣም ልዩ ምክንያት ካልተገኘ በስተቀር በትምህርት ቤት ፋንታ ቤት ማስተማር አይፈቀድም። በሳምንት ሃያ አራት ሰዓት ደግሞ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ከሚማረው ብዙም አይርቅም። ጋሽ ሐዋዝ ሁለቱንም አያውቁም ነበር። እዚህ አገር ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ቁጥር ነው፤ ማንም አይቆርጠውም። ስለዚህ ደብዳቤውን የከፈተችው ሴት ያነበበችው፣ አንድ የኖርስቦሪ ሽማግሌ ስድስት ልጆችን ከትምህርት አስቀርቶ ወጥ ቤት ውስጥ እንደያዘና ለዚሁ ሥራ ስምንት ሰሌዳ እንደሚፈልግ ነው።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለ። ኡልሪካ የምትባል የኮሙኑ ሠራተኛ ናት። እንዲገባቸው በዝግታ፣ የስዊድንኛውን ቃል አንድ በአንድ እየለየች፣ «ረቡዕ በአሥር ሰዓት መጥቼ ባየው ደስ ይለኛል» አለቻቸው።

ጋሽ ሐዋዝ ስልኩን ዘግተው እጃቸውን አጨበጨቡ። በእሳቸው ልምድ ኢንስፔክተር የሚመጣው ገንዘብ ሊለቀቅ ሲል ነው። በቀጥታ ዶክተር ዘንድ ደወሉ።

«ተማሪ ጎድሎኛል። ረቡዕ ይምጡልኝ።»

«እኔ? ተማሪ?»

«ጎልማሳ ተማሪ። ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። ጉለሌ ኢንስፔክተር ሲመጣ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ልጅ እንበደር አልነበረም? ምን አዲስ ነገር አለው?»

ዶክተር አስተዋይ ሰው ናቸው፤ ግን ጡረታ ላይ ረቡዕ ረጅም ቀን ነው። እሺ አሉ። ልደታ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልሰማችም፤ ለእሷም ከኮሙኑ በስልኳ መልእክት ተልኮ ነበር፣ ግን ፈረቃ ላይ ስለነበረች አልከፈተችውም።

እስከ ረቡዕ ጋሽ ሐዋዝ እንቅልፍ አልነበራቸውም። ረቡዕ ጠዋት ልደታ ሥራ እንደወጣች በሩ ላይ ‹ትምህርት ቤት› የሚል ወረቀት በሁለት ቋንቋ ለጠፉ። የትልቁን ድስት ክዳን በገመድ አንጠልጥለው ደወል አደረጉት፤ ሲሞክሩት ከላይ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ወለሏን በዱላ መታች። ለተማሪዎቹ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ካናቴራ ገዙ፤ ለዶክተር የሚሆን ልክ ጠፍቶ እምብርታቸው ላይ የሚቆም ተገኘላቸው። በመጨረሻ ዮሐናን ጠርተው አሰለጠኗት።

«ሴትዮዋ ቁጥር ከጠየቀችሽ፣ ምንም ይሁን ምን፣ እጥፍ አድርገሽ ንገሪያት።»

ዮሐና በስዊድንኛ ለምን እንደሆነ ጠየቀች።

«የሒሳብ ልምምድ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ልጅ ፊት መዋሸት ይህን ያህል እንደሚያሳፍር ረስተውት ነበር። ጉለሌ ውስጥ ዐይኗን የምታፈጥ ዮሐና አልነበረችም።

ረቡዕ በአሥር ሰዓት፣ በደቂቃዋ፣ ኡልሪካ መጣች። ረጅም ናት፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲዋ ገባች። ጋሽ ሐዋዝ የድስቱን ክዳን መቱ። ሦስቱ ልጆችና ዶክተር ወልደ አማኑኤል ብድግ ብለው «እንደምን ዋሉ!» አሉ። ከሁሉ የጮኹት ዶክተር ናቸው።

ኡልሪካ ዶክተርን ከካናቴራቸው እስከ ሽበታቸው አየቻቸው። «እሳቸውም ተማሪ ናቸው?»

ዶክተር ራሳቸው መለሱላት፤ አርባ አምስት ዓመት በተጠቀሙበት፣ እሷም እንኳ ዘወትር በማትናገረው ባማረ ስዊድንኛ። «እኔ ትንሽ ዘግይቶ የሚገባኝ ተማሪ ነኝ» አሉ።

ኡልሪካ ተቀመጠችና ማኅደሯን ከፈተች። «በሳምንት ሃያ አራት ሰዓት ይላል። ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አሉ ጋሽ ሐዋዝ በተሰባበረ ስዊድንኛቸው። ፊቷ ጭንቅ ሲለው አይተው ሰዓቱ ያነሰባት መሰላቸው። «አንዳንዴም ይበልጣል» ብለው ጨመሩ።

«ስድስት ልጆች ይላል። እኔ ሦስት ልጆችና እኚህን ሰው አያለሁ።»

«አምስተኛዋ ጥርሷን ልትታይ ሄዳለች። ስድስተኛው ታሟል።»

«ስሙ ማን ነው?»

ጋሽ ሐዋዝ አልተዘጋጁም። «ዕንባቆም» አሉ፤ አፋቸው ላይ የመጣውን።

«ከታመመ ስንት ቀኑ ነው?»

እዚህ ላይ ምላሳቸው ከልምዷ አልወጣ አለች። አንድ ሳምንት ሊሉ አስበው «ሁለት ሳምንት» አሉ።

ኡልሪካ ብዕሯ ቆመ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ? ሐኪም አይቶታል? ከቤት የሚጠብቀው ሰው አለ? አድራሻው የት ነው?»

ዶክተር ከጥግ ሆነው በአማርኛ አጉረመረሙ። «ሐዋዝ፣ ይሄን ልጅ ቶሎ አድነው። አለዚያ አምቡላንስ ልትጠራ ነው።»

«ተሽሎታል!» አሉ ጋሽ ሐዋዝ፣ በላብ ተጠምቀው። «አሁን ተሽሎታል። ዳቦ ይብሉ!»

ኡልሪካ ዳቦውን ተቀበለች፣ ግን አልነከሰችውም። ወንበሯን ወደ ዮሐና አዞረችና ድምፅዋን አለዘበች።

«አንቺስ፣ ዮሐና? ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃያ» አለች ዮሐና በስዊድንኛ፣ ፍርጥም ብላ።

ናኦል ዳቦው አፉ ውስጥ ቆመ።

«ሃያ። እሺ። ትምህርት ቤት በሳምንት ስንት ቀን ትሄጃለሽ?»

«አሥር ቀን።»

«እኅት ወንድም አለሽ?»

ዮሐና አሰበች። «ዜሮ» አለች። ጋሽ ሐዋዝ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆነው እንኳ ኩራት ተሰማቸው፤ የዜሮ እጥፍ ዜሮ መሆኑ ሳያስተምሯት ገብቷታል።

ልክ በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተ። ልደታ ባቡር ውስጥ ስልኳን ከፍታ መልእክቱን አንብባ፣ ከጣቢያው ጀምራ ሮጣ ነው የመጣችው። የበሩን ወረቀት አየች፣ የድስቷን ክዳን በገመድ ተሰቅሎ አየች፣ የተከበሩትን ዶክተር እምብርታቸው ወጥቶ አየች። «እግዚኦ» አለችና በሩን ተደገፈች።

«ልጅሽ ትምህርት ቤት ትሄዳለች?» ብላ ጠየቀቻት ኡልሪካ።

«ትሄዳለች እንጂ! የተመለሰችው ከአንድ ሰዓት በፊት ነው፤ ቦርሳዋ እዚያ አለ!»

«እሱን እኔም መዝገብ ላይ አይቼዋለሁ፣ አንድ ቀን አልቀረችም። ግራ የገባኝ ይኸው ነው። ሃያ አራት ሰዓት እዚያ፣ ሃያ አራት ሰዓት እዚህ። ልጅቷ መቼ ነው የምትተኛው?»

ልደታ ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ ወደ ዶክተር ዞሩ። ዶክተር ደብተራቸው ላይ አቀርቅረው የምር ፊደል መጻፍ ጀመሩ።

ጋሽ ሐዋዝ ተናዘዙ። ልደታ እየተረጎመች፣ እሳቸው ስለ ጠመኔው፣ ስለ በሩ፣ ስለ ዘበኛው፣ ስለ ሦስቱ ጠረጴዛ ሁሉንም አወጡት። ኡልሪካ ለመረዳት ከልቧ ሞከረች።

«ቁጥሩ ልክ እንዳልሆነ ቆራጩም ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ልክ የሆነውን ለምን አይጽፉም?»

«አንድ ጊዜ ጽፌ ነበር» አሉ ጋሽ ሐዋዝ። «አሥር ዴስክ መጣልኝ።» ሌላው ሁሉ ቀርቶ፣ ያ ዳር ላይ ግማሽ ቂጡን አየር ላይ አድርጎ ዓመቱን የጨረሰ ልጅ ይህን ሁሉ ዓመት ከዐይናቸው አልጠፋም።

ኡልሪካ ወረቀቷን አዙራ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ለስምንት ታካፍል ጀመረች። ሦስት ሰዓት። አንድ ሰሌዳ። ሦስት ሺህ ክሮነር። እያካፈለች ስትሄድ ትከሻዋ ሲላላ ይታያል። ስትጨርስ ዳቦውን ነከሰች።

«በትምህርት ቤት ፋንታ ቤት ማስተማር አይፈቀድም፤ ኮሙኑም ለዚያ ገንዘብ የለውም» አለች። «ይሄ ግን ትምህርት ቤት አይደለም፤ አያትና ልጆች ናቸው። እንዲህ ያለውን የሚረዳ አንድ የባህል ማኅበር አውቃለሁ። አድራሻውን እጽፍልዎታለሁ። ግን እባክዎ፣ ሐዋዝ፣ ያለውን ብቻ ይጻፉ።»

«የልደታ ቀነ ገደብስ?» አሉ ጋሽ ሐዋዝ፣ በአማርኛ፣ ለራሳቸው ያህል። ልደታ ይህን አልተረጎመችውም። ኡልሪካ ግን ተነሥታ ጫማዋን ልታደርግ ስትል መለስ አለች።

«አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ለዮሐና ነው። አንቺ ራስሽ ከአያትሽ ጋር በሳምንት ስንት ቀን መማር ትፈልጊያለሽ?»

ይህን እስከዚያች ሰዓት ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እናቷም አያቷም። ዮሐና አያቷን አየች፣ እናቷን አየች።

«ሁለት» አለች በስዊድንኛ።

ጋሽ ሐዋዝ ወዲያው ለሁለት አካፈሉት። አንድ ቀን ሆነ። እንግዲህ ቅዳሜ ሄደች ማለት ነው፤ ወይም ረቡዕ ሄደች። ቢሆንም የተሰበረ ፊት ለልጅ አያሳዩም ብለው ፈገግ ለማለት ሲሞክሩ ዮሐና እጅጌያቸውን ሳብ አደረገች።

«አባባ» አለች፣ በአማርኛ። «ሁለት ነው። ይሄኛውን እጥፍ አላደረግሁትም።»

ጋሽ ሐዋዝ ወደ ማብሰያው ዞረው ዳቦ የሚቆርጡ መሰሉ፤ ዳቦው ግን ካለቀ ቆይቷል። ልደታም ዐይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና ፈረቃው አድክሟት እንደሆነ ተናገረች። ኡልሪካ ምን እንደተባለ አልገባትም። ልደታ ለመተርጎም ስላልሆነላት ዶክተር፣ በዚያ ባማረ ስዊድንኛቸው፣ «ተማሪዋ ፈተናውን አልፋለች» አሏት።

የማኅበሩን ቅጽ ጋሽ ሐዋዝ በማግስቱ ሞሉት፤ ዮሐና እንደ ዘበኛ አጠገባቸው ቆማ። ተማሪ ሦስት። ሰዓት ሦስት። ሰሌዳ ላይ ሲደርሱ እጃቸው አመነታ፣ ዮሐና ጉሮሮዋን ጠረገች፣ አንድ ብለው ጻፉ። ጥቅምት ሳያልቅ መልስ መጣ፤ የጠየቁት በሙሉ ተፈቅዷል፣ ሳንቲም ሳይጎድል። ደንግጠው ዶክተር ዘንድ ደወሉ።

«ሁሉንም ሰጡኝ!»

«ታዲያ ደስ አይልህም?»

«ይለኛል። ግን ሞኝ ሆንኩ እኮ፣ ዶክተር። ምነው ሁለት ሰሌዳ ብዬ በጻፍኩ!»

የመጻሕፍቱ ገንዘብ ከሌላ ስለተገኘ ልደታ ለክለቡ ከፈለች። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ፊደል ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሀንድቦል። ልደታ ፈረቃ ላይ ስትሆን ዮሐናን የሚወስዷት አያቷ ናቸው፤ ዳር ላይ ተቀምጠው፣ ሕጉ ሳይገባቸው፣ የዮሐናም የተጋጣሚም ቡድን ሲያስቆጥር ያጨበጭባሉ። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ግጥሚያ ነበር። ዮሐና ሁለት ጎል አገባች። ማታ ልደታ ከሥራ ገብታ ጃኬቷን ሳታወልቅ ጠየቀች።

«እሺ አባባ፣ ስንት አገባች?»

«አራት!» አሉ ጋሽ ሐዋዝ።

ልደታ በጥርጣሬ አየቻቸውና ወደ ልጇ ዞረች። «ዮሐና፣ እውነት ነው?»

ዮሐና አያቷን አየች። ከዚያ እናቷን አየችና፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «አዎ፣ አራት ነው» አለች።